የጨንቻ ብርድና የሰመመን እንቅልፍ

ውድ አንባቢ ሆይ፤ ጨንቻን በዓይንህ አይተሃት እንደሆነ ስለ ብርዷ ብዙ ልነግርህ አያስፈልግም። ያላየሃት እንደሆነ ግን፣ በጋሞ ደጋ ላይ ከባሕር ወለል 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ ሹመቱ ወደ አርባ ምንጭ ሳይወርድ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ የነበረች፣ ጉሙ ሳያንኳኳ ከቤት የሚገባባት አገር ናት። እዚህ ሰው ሲገናኝ ስለ ብርድ ይነጋገራል፤ ሲሰነባበትም ስለ ብርድ ይነጋገራል። ስለዚህ በዚህች ከተማ የሚኖር ሰው ብርድ ሁሉ ከአየር የሚመጣ ቢመስለው አይፈረድበትም። እኔም ይመስለኝ ነበር። በዚህ ሐሳቤ የተነሣ ግን አንዲትን ደግ እናት በገዛ ምላሴ ለአደጋ አሳልፌ ልሰጣቸው ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። ዛሬ ብዕር ያነሣሁት ይህንኑ ጥፋቴን ልናዘዝልህና፣ ነገ አንተም የታመመ ዘመድ ይዘህ ከሆስፒታል ደጅ ስትቆም እንዳትደግመው ላስጠነቅቅህ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ የታሪክ መምህር ነኝ። የምኖረው በዕድሜ በገፉ አንዲት እናት ግቢ ውስጥ በኪራይ ነው። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ሸማኔ ነበሩ፤ ልጆቻቸውም የአባታቸውን ሙያ ይዘው አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ይሠራሉ። ስለዚህ በቅርብ ያለሁት ልጅ እኔ ነኝ ማለት ይቻላል፤ እኔም እንደ መንደሩ ልጆች «እማማ» እያልኩ እጠራቸዋለሁ።

እማማ በአንገታቸው ላይ ከሃያ ዓመት በላይ የኖረ እንቅርት ነበራቸው። በደጋው አገራችን እንቅርት እንግዳ ነገር አይደለም። ዝናብ አፈሩን ሲያጥበው አዮዲን የሚባለውን ንጥረ ነገር ይዞት ይሄዳል፤ በአንገት ላይ ያለው የታይሮይድ እጢም አዮዲን ሲያጣ፣ ያለችውን ጥቂት ለመልቀም ሲል እያበጠ ይሄዳል። አዮዲን ያለበት ጨው በአገራችን በሕግ ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ የእማማ ዕድሜ ላላቸው ሰዎች ግን ይህ ሕግ የደረሰላቸው ካረጁ በኋላ ነው። ባለፈው ዓመት እብጠቱ የአየር መተላለፊያቸውን ይጫን ጀመር። በጀርባቸው መተኛት አቃታቸው፤ እህል ሲውጡም ያንቃቸው ነበር።

ከዚህ ሌላ እማማን የሚበርዳቸው ከሰው ሁሉ አብልጦ ነበር። ከምድጃው ዳር ቀድመው ይቀመጣሉ፤ ዘግይተው ይነሣሉ። ጎረቤቶቻቸው በቀትር ፀሐይ ነጠላ ሲለብሱ፣ እሳቸው ከጋቢው ላይ ቡልኮ ይደርባሉ። ንግግራቸው ዝግ ያለ ነበር፤ ድምፃቸው ጎርንኖ ፊታቸውም አበጥ ብሎ ነበር። እኛም «እርጅና ነው፤ ጨንቻም ብርድ ነው» እያልን እናልፈው ነበር።

ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ በቆላው ካለ ከአንድ ሆስፒታል የኦፕራሲዮን ቀጠሮ ተገኘ። ከጨንቻ እስከ አርባ ምንጭ ያለው መንገድ አርባ ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ነገር ግን ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ስለሚያወርድ፣ በጉም ውስጥ የጀመረ መንገደኛ የአባያና የጫሞ ሐይቆች ከፊቱ በሚያብረቀርቁበት ጊዜ ካፖርቱን አውልቆ ይይዛል።

በሆስፒታሉ የሰመመን ባለሙያው በእኔ ዕድሜ የሚሆን ወጣት ነበር። በብዙዎቹ ሆስፒታሎቻችን ሰመመን የሚሰጠው በሐኪም ስም የሚጠራ ሰው ሳይሆን፣ ይህንኑ ሙያ በዩኒቨርሲቲ የተማረ ባለሙያ መሆኑን ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። ወረቀቱን ዘርግቶ ይጠይቃቸው ጀመር።

«እማማ፣ ዳገት ሲወጡ ይደክምዎታል? እግርዎ ያብጣል? ሽንትዎ ቀንሷል? ከዚህ በፊት ዓይንዎ ቢጫ ሆኖ ያውቃል?»

እኔም ነገሩ ተንዛዝቶ ቀጠሮው እንዳይሰረዝ ስለ ሰጋሁ፣ እሳቸው አፋቸውን ሳይከፍቱ «የለም፣ የለም» እያልኩ እመልስ ነበር። በመጨረሻ፣ «ከሌላው ሰው ይልቅ እርስዎን ብርድ ይሰማዎታል?» ሲል ጠየቀ።

እኔ ሣቅሁ። «ወንድሜ፣ እኛ የመጣነው ከጨንቻ ነው። እዚያ የማይበርደው ማን አለ?» አልኩት።

እሱ ግን አልሣቀም። ቀስ ብሎ፣ «መምህር፣ እኔ የጠየቅኋቸው እሳቸውን ነው» አለኝ።

ከዚያ በኋላ እማማ በራሳቸው አንደበት ተናገሩ። ብርዱ ከቆዳቸው ላይ ሳይሆን ከአጥንታቸው ውስጥ እንደሆነ፣ ቀኑን ሙሉ እንቅልፍ እንደሚጥላቸው፣ ሆዳቸው እንደሚደርቅ፣ ፀጉራቸው እንደሚረግፍ አንድ ባንድ ነገሩት። አብሬያቸው በአንድ ግቢ እየኖርኩ ከዚህ ውስጥ አንዱንም አላውቅም ነበር። ወጣቱ እጃቸውን ዳሰሰ፤ ቆዳቸው ደረቅና ቀዝቃዛ ነበር። የልባቸውን ትርታ ቆጠረ፤ ዝግተኛ ነበር። ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ደማቸውን ለምርመራ ላከና ኦፕራሲዮኑ ይቆይ አለ።

አንባቢዬ፣ የዚያን ዕለት የተናገርኩትን ብደግምልህ አፍራለሁ። ፈቃድ ለምኜ፣ መኪና ተከራይቼ፣ አዛውንት ይዤ ወርጄ ባዶ እጄን ልመለስ! «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚባለው ይህ ነው እያልኩ አማረርኩ። የደሙ ውጤት ሲመጣ ግን የእማማ እጢ መጠኑ ቢያድግም ሥራውን ከሞላ ጎደል ትቶ እንደነበር ታወቀ። የጎደለውን ሆርሞን የሚተካ ኪኒን ታዘዘላቸውና ሁለት ወር ያህል ከዋጡ በኋላ እንዲመለሱ ተነገረን።

ወደ ደጋው ተመልሼ ቁጣዬ ሲበርድ፣ የሰመመንን ነገር ከመጻሕፍት እየፈለግሁ አነብ ጀመር። ያነበብኩትን በአጭሩ ላካፍልህ።

ሰመመንን እንቅልፍ እንለዋለን እንጂ እንቅልፍ አይደለም። የተኛ ሰው ሲበርደው ጋቢውን ወደ ላይ ይስባል፤ ትንፋሽ ሲያጥረው ይገላበጣል፤ ሲነካ ይነቃል። በሰመመን ውስጥ ያለ ሰው ግን ከእነዚህ አንዱንም ማድረግ አይችልም። ሰውነታችን ሌትና ቀን ሳናዘው የሚያከናውናቸውን ሥራዎች፣ ትንፋሹን፣ የደም ግፊቱን፣ ሙቀቱን፣ በአልጋው ራስጌ የተቀመጠው ባለሙያ ተረክቦ ይጠብቃል። ዓለም ይህን የተማረው በመከራ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1846 በቦስተን ከተማ የጥርስ ሐኪሙ ዊልያም ሞርተን በኤተር ሰው አደንዝዞ ያለ ሕመም ኦፕራሲዮን ሲደረግለት ባሳየ ጊዜ ዓለም ተደነቀ። ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ ግን፣ በጥር 1848፣ በእንግሊዝ አገር አንዲት የ15 ዓመት ልጅ የእግር ጥፍሯን ለማስነቀል ክሎሮፎርም እንድታሸት ተደርጋ እዚያው ሞተች። ለጥፍር ብላ የመጣች ልጅ ናት። ለኦፕራሲዮኑ ትንሽነት ብለን ሰመመኑን መናቅ እንደማይገባ የእርሷ ሞት ይመሰክራል።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ የሙቀቱ ነገር ነው። በአንጎላችን ውስጥ ሙቀታችንን የሚጠብቅ ክፍል አለ። ይህ ዘበኛ የውስጥ ሙቀታችንን በ37 ዲግሪ ግድም ይይዘዋል፤ ከጥቂት የዲግሪ ክፍልፋዮች በላይ ወዲያና ወዲህ እንዲል አይፈቅድም። ብርድ ሲመጣ በእጅና በእግር ያሉትን የደም ሥሮች ያጠብባል፤ በዚህም ሙቀቱ በልብ፣ በአንጎልና በሆድ ዕቃ ዙሪያ እንዲከማች ያደርጋል። ይህ አልበቃ ሲል ያንቀጠቅጠናል። ሰመመን ግን ይህን ዘበኛ ያደነዝዘዋል። ሙቀቱ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ካልወረደ በቀር አይነቃም። የጠበቡት የደም ሥሮችም ይከፈታሉ፤ በመካከል የተከማቸው ሙቀት ወደ እጅና ወደ እግር ይፈስሳል።

የዶርዜን የቀርከሃ ቤት ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። እሳቱ ያለበትን ክፍል ከሌላው የሚለየው ግድግዳ ቢነሣ ሙቀቱ በቤቱ ሁሉ ይበተናል። እሳቱ አልጠፋም፤ ነገር ግን ከእሳቱ ዳር የተቀመጠው ሰው ይበርደዋል። በሰመመን ውስጥ ያለ ሰውም እንደዚሁ ነው፤ በመጀመሪያው ሰዓት ብቻ የውስጥ ሙቀቱ ከ1 እስከ 1.5 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ራቁት ቆዳው፣ የተከፈተው ቁስል፣ ማጠቢያው ውኃ፣ በደም ሥሩ የሚገባው ቀዝቃዛ ፈሳሽ እየተጋገዙ ቀስ በቀስ ያወርዱታል። ከወገብ በታች የሚያደነዝዘው መርፌም እንዲሁ ያደርጋል፤ በእርሱ የምትወልድ እናት ሰውነቷ እየቀዘቀዘ ሳለ ብርዱ ላይሰማት ይችላል። ሕፃናትና ሽማግሌዎች ከሌላው ፈጥነው ይቀዘቅዛሉ።

«አንድ ዲግሪ ምን ታመጣለች?» ትል ይሆናል። ሰውነት ሲቀዘቅዝ ደም በቶሎ አይረጋም፤ ስለዚህ ይፈስሳል። መድኃኒቱ በቶሎ አይበተንም፤ ስለዚህ ታማሚው ዘግይቶ ይነቃል። ከነቃም በኋላ ሲንቀጠቀጥ ሰውነቱ የሚፈልገው ኦክሲጅን እጥፍና ከዚያም በላይ ይሆናል፤ ልቡ የደከመ ሰው ይህን ዕዳ ከየት ይከፍላል? እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት፣ የአንጀት ኦፕራሲዮን የተደረገላቸውን 200 ሰዎች በሁለት ከፍሎ ተመልክቷል። በኦፕራሲዮኑ ጊዜ እንዲሞቁ ከተደረጉት ቁስላቸው ያመረቀዘው ከመቶ 6 ነበሩ፤ ከቀዘቀዙት ግን ከመቶ 19። የቀዘቀዘ ቁስል በቂ ደም አያገኝምና ጀርም ያሸንፈዋል።

አሁን ወደ እማማ ልመለስ። የታይሮይድ እጢ በሰውነት ምድጃ ላይ እንጨት ጨማሪው ነው። እሱ ሲደክም ሰውነት ሙቀት ማመንጨት ይቀንሳል፤ ልብ ይዘገያል፤ ትንፋሽ ይዳከማል፤ መድኃኒትም በቶሎ አይፈርስም። እንዲህ ያለውን ሰው ሳይታከም በሰመመን ማስተኛት፣ የዳፈነውን እሳት በውኃ መርጨት ነው፤ ቀዝቅዞ፣ ትንፋሹ ደክሞ፣ ሳይነቃ ሊቀር ይችላል። እጢው ከመጠን በላይ የሚሠራበት ሰው ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ያገኘዋል፤ በኦፕራሲዮን ጊዜ ወይም ከዚያ በኋላ ሰውነቱ እንደ እሳት ነድዶ ልቡ ሊፈነዳ እስኪደርስ ይመታል። እኔ በሣቅ ያለፍኩት ጥያቄ፣ ይህን ሁሉ የያዘ ጥያቄ ነበር።

ሌሎቹም ጥያቄዎች እንደዚሁ ናቸው። ስለ ዳገት የጠየቀው ልብና ሳንባን ለማወቅ ነው። ብዙዎቹ የሰመመን መድኃኒቶች የደም ግፊትን ያወርዳሉ፤ ጤነኛ ልብ ይህን ይቋቋማል፤ የደከመ ልብ ግን ላይቋቋመው ይችላል። ስለ ዓይን ቢጫነት የጠየቀው ስለ ጉበት ነው፤ መድኃኒት አፍራሹ ጉበት ነውና። ስለ ሽንት የጠየቀው ስለ ኩላሊት ነው። ጡንቻን ለማላላት ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ፣ ሳክሳሜቶኒየም የሚባለው፣ በደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየም ከፍ ያደርጋል፤ ኩላሊቱ የታመመ ሰው ፖታሲየሙ አስቀድሞ የበዛ እንደሆነ ልቡ ሊቆም ይችላል። ይህን ያወቀ ባለሙያ ሌላ መድኃኒት ይመርጣል። ለምሳሌ አትራኩሪየም የሚባለው ጉበትንም ኩላሊትንም ብዙ ሳይጠብቅ በደም ውስጥ በራሱ ይፈርሳል። ነገር ግን ተመልከት! ይህም መድኃኒት የሚፈርሰው በሙቀት ነው፤ ሰውነት ከቀዘቀዘ እሱም ይዘገያል። የታመመ አካልና የቀዘቀዘ ሰውነት እንዲህ እየተያያዙ ነው ሰውን የሚጥሉት።

«ከዘመድዎ በሰመመን ላይ ሳለ የሞተ አለ?» የሚለውም ጥያቄ ከንቱ አይደለም። በአውስትራሊያ እግሩ የተሰበረ አንድ ወጣት፣ ከስብራቱ ይልቅ ሰመመኑን እንደሚፈራ ለሐኪሞቹ ነገራቸው፤ አሥር ዘመዶቹ በኤተር ሞተውበት ነበርና። ሐኪሞቹም ሰሙት፤ ጉዳዩን መርምረው እ.ኤ.አ. በ1960 ለዓለም አሳወቁ። በዘር የሚተላለፍ፣ በአንዳንድ የሰመመን መድኃኒቶች የሚቀሰቀስና ሰውነትን በድንገት የሚያግል ሕመም መኖሩ የታወቀው በዚህ ነው። ያ ወጣት ዝም ብሎ ቢሆን ኖሮ፣ ወይም እንደ እኔ ያለ አዋቂ ዘመድ ስለ እርሱ «የለም» ብሎ ቢመልስለት ኖሮ ምን ይሆን ነበር?

ሁለቱ ወራት ሲያልፉ በእማማ ላይ ያየሁትን ለውጥ ጎረቤት ሁሉ ይመሰክራል። ድምፃቸው ጠራ፤ ፊታቸው ጎደለ፤ እርምጃቸው ፈጠነ። አንድ ቀን ጠዋት ቡልኮውን አጥፈው ከመደቡ ላይ አኖሩና በነጠላ ብቻ ወደ ደጅ ወጡ። «ልጄ፣ ለካ ብርዱ የጨንቻ አልነበረም» አሉኝ።

ወደ ሆስፒታሉ ለሁለተኛ ጊዜ ስንወርድ ግን እኔ ሌላ ስሕተት ሠራሁ። ያን ሁሉ አንብቤ እንኳ የቆላው ፀሐይ አታለለኝ። «እማማ፣ በዚህ ሙቀት ቡልኮ ምን ያደርግልዎታል?» ብዬ ካረፍንበት ቤት አስተውኳቸው። ከኦፕራሲዮን ክፍሉ ውጭ ተራ ስንጠብቅ፣ አንድ ጎረምሳ ኦፕራሲዮኑን ጨርሶ በአልጋ እየተገፋ ወጣ። ዘመዶቹ ላባቸውን ይጠርጋሉ፤ እሱ ግን ጥርሱ እየተንገጫገጨ ይንቀጠቀጥ ነበር። በዚያ ሙቀት! ያን ጊዜ ያነበብኩት ሁሉ በዓይኔ ፊት ቆመ።

ያው ወጣት ባለሙያ ብቅ አለና፣ «እማማ፣ ቡልኮዎ የት አለ?» አላቸው። እኔ ሮጬ ሄድኩ። ይዤ ስመለስ ከእግር ጥፍራቸው እስከ ትከሻቸው ሸፈናቸው። ነገሩንም እንዲህ ሲል አስረዳኝ፦ ሰው ከሰመመኑ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል እጅና እግሩ እንዲሞቅ ከተደረገ፣ ኋላ የደም ሥሮቹ ሲከፈቱ ከመካከል ወደ ዳር የሚፈስሰው ሙቀት ያንሳል፤ ሞቃት አየር የሚነፋ ልዩ መሸፈኛ ቢኖር ከሁሉ ይሻላል፤ ከሌለ ግን የተሸፈነ ሰው ካልተሸፈነ ይሻላል። አስቀድሞ ማልበስ ከቀዘቀዘ በኋላ አሥር ብርድ ልብስ ከመከመር ይበልጣል፤ ቡልኮ ያለውን ሙቀት ይጠብቃል እንጂ ሙቀት አይሠራምና። ቡልኮውን ከበር ላይ ተቀብዬ ይዤ ቆየሁ። እማማ ከሦስት ሰዓት በኋላ ሲወጡ እንደገና አለበስኳቸው። ጥቂት ተንቀጠቀጡ፤ ሙቀታቸው ግን ከ36 ዲግሪ አልወረደም ነበር። ማታውን ውኃ ጠየቁ፤ በሳምንታቸውም ወደ ጨንቻ ተመለስን። ኪኒኑን ዕድሜያቸውን ሙሉ ይውጣሉ፤ በጀርባቸው ግን ይተኛሉ።

አንባቢዬ ሆይ፤ አንተ ተማሪ ወይም የመሥሪያ ቤት ባልደረባ ነህ። ከቤተ ሰብህ ፊደል የቆጠርከው አንተ ስለሆንህ፣ እናትህ ወይም አጎትህ ለኦፕራሲዮን ሲሄዱ ቅጹን የምትሞላው፣ ጥያቄውን የምትመልሰው፣ አንዳንዴም የምታስተረጉመው አንተ ነህ። እንግዲህ ይህን አደራ እልሃለሁ። ለባለሙያው መልሱን ታማሚው ይስጥ፤ አንተ የረሳውን ብቻ አስታውሰው። የሚወስደውን ኪኒን ሁሉ ከነመያዣው ይዘህ ሂድ። የባህል መድኃኒት ወስዶ እንደሆነ፣ አረቄ የሚያዘወትር፣ ጫት የሚቅም፣ ሲጋራ የሚያጨስ እንደሆነ ሳታፍር ተናገር፤ ባለሙያው ዳኛ አይደለምና አይፈርድበትም። ጹም የተባለበትን ሰዓት አታፍርስ። ተራ ሲጠብቅ እግሩንና እጁን ሸፍነህ አሙቀው፤ አገሩ ቆላ ነው ብለህ አትዘናጋ። ቀጠሮው ቢራዘም ደግሞ እንደ እኔ ከመቆጣትህ በፊት ምክንያቱን ጠይቅ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል የአገራችን ሰው። እኔ ግን እማማ ሳይደብቁ ደበቅሁባቸው። ያ ወጣት የእኔን መልስ ተቀብሎ ወረቀቱን አጥፎት ቢሆን ኖሮ፣ ይህን ጽሑፍ ስጽፍ ከጎኔ ባለው ምድጃ ቡና እያፈሉ «ልጄ፣ ይበቃሃል፤ ዓይንህ ይደክማል» የሚለኝ ድምፅ ባልተሰማኝም ነበር።